ሽሮፕ ከመግዛታችሁ በፊት የኤሲውን ፊልተር አውጥታችሁ እዩ



ዛሬ የምጽፈው ስለ አዲስ መድኃኒት ወይም ስለ አዲስ በሽታ አይደለም። ኮርኒስ ወይም ግድግዳ ላይ ካለው ፍርግርግ ጀርባ ስለተቀመጠ፣ ካርቶን ፍሬም ስላለው፣ ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕ ብዙም ስለማይበልጥ ዕቃ ነው። የኤሲና የሂተር ፊልተር። «ዶክተር፣ ይሄ የጥገና ሠራተኛ ሥራ አይደለም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ልንገራችሁ።

የምኖረውና የምሠራው ላስ ቬጋስ ነው። በ2024 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እናቴ ከአገር ቤት መጥታ እኔ ጋ ነበረች። ያንን ሳምንት እዚህ ያላችሁ አትረሱትም። ጁላይ 7 ቀን ሙቀቱ 120 ፋራናይት ደረሰ፤ በእኛ አለካክ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማለት ነው። በከተማዋ ታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ነበር። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቱ እንደ ምጣድ ግሏል። እማዬ ነጠላዋን በውሃ ነክራ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መስኮቱን ከፍታ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ስጠራት ቀስ ብላ ነው የመለሰችልኝ። ራሷን ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ቆማ መሄድ አቅቷታል።

ኤሲው ከጠዋት ጀምሮ እየደከመ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ሞቃት አየር ብቻ ይነፋ ነበር። ለምን አልደወልሽልኝም ስላት «ሥራ ላይ ነህ፣ በሽተኛህን ጥለህ ትመጣ ብዬ ነው?» አለችኝ። ወዲያው ጎረቤት ቤት ወስደን አቀዘቀዝናት፣ ውሃ እየጠጣች ቀስ በቀስ ተሻላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ አለፈ። ሁለት ሰዓት ዘግይቼ ቢሆን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ግን እንደ ሐኪም አውቀዋለሁ።

በማግስቱ የመጣው ቴክኒሻን ማሽኑን ሲከፍት የሚያቀዘቅዘው ጥቅልል ቱቦ በበረዶ ተጋግሯል። ከዚያ ፊልተሩን ስቦ አውጥቶ ምንም ሳይናገር በእጄ ሰጠኝ። ነጭ የነበረው ግራጫ ብርድ ልብስ መስሏል። መቼ እንደቀየርኩት ማስታወስ አልቻልኩም። እናቴ ከኋላዬ ሆና አየችውና «ልጄ፣ ወንፊት እንኳ ይራገፋል» አለች።

ይህን ያህል ዓመት ተምሬ፣ በየቀኑ አስም ያለባቸውን ልጆች እያከምኩ፣ የራሴን ቤት ወንፊት አላራገፍኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጃቸው የሚያስላቸውን ወላጆች ከማጨስ፣ ከድመትና ከምንጣፍ ጥያቄ ጋር አንድ ጥያቄ ጨምሬ እጠይቃለሁ፦ «ፊልተሩን መጨረሻ የቀየራችሁት መቼ ነው?» ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «የቱን ፊልተር?» የሚል ነው።

ስለዚህ ዛሬ አቋሜን በግልጽ ልናገር። በሞቃት አገር ለሚኖር ቤተሰብ ፊልተር መቀየር የቤት ጥገና ብቻ አይደለም፣ የጤና ጥበቃ ነው። የክትባት ቀን እንደምትይዙት ሁሉ ይህንንም ያዙት። ምክንያቶቼን አንድ በአንድ ላስረዳ።

«ሦስት ወር ይቆያል ተብሎ ተጽፎበታል»

አዎ፣ ብዙዎቹ ላይ እስከ 90 ቀን ይላል። ግን ፊልተር የሚቆሽሸው ባለፈው አየር ብዛት እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለም። ቀዝቀዝ ባለ ከተማ ኤሲ በቀን ጥቂት ሰዓት ይሠራ ይሆናል። ላስ ቬጋስ ወይም ፊኒክስ በሐምሌ ወር ሌሊትም አያርፍም። በዚያ ላይ የበረሃው አቧራ አለ፣ የግንባታው አቧራ አለ፣ በበጋ ከካሊፎርኒያ የሰደድ እሳት የሚመጣ ጭስም አለ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ራሱ ኤሲ በሚሠራበት ወቅት በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ እንዲጸዳ ወይም እንዲቀየር፣ አቧራ ባለበት፣ የቤት እንስሳ ባለበትና ማሽኑ ያለማቋረጥ በሚሠራበት ቤት ደግሞ ከዚያም ቶሎ እንዲታይ ይመክራል። የቆሸሸውን በንጹሕ መተካት የኤሲውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችልም ይገልጻል። ስለዚህ ፊልተሩ ወጪ ነው ለምትሉ፣ ከፊሉን ከመብራት ሒሳባችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም በየ30 ቀኑ አውጥታችሁ እዩት። ስስ የሆነው፣ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ፊልተር በእነዚህ ወራት ብዙ ጊዜ በየወሩ መቀየር ይፈልጋል። በቀሪው ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ይበቃል። ቀኑ እንዳይረሳችሁ ደግሞ ኪራይ ወይም የቤት ብድር ከምትከፍሉበት ቀን ጋር አያይዙት። ያንን ቀን ማንም አይረሳውም።

«እንግዲያው ወፍራሙንና ውዱን ልግዛ»

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የፊልተር አቅም የሚለካው መርቭ በሚባል ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ትንንሽ ቅንጣቶችን ይይዛል። መርቭ 8 ትልልቁን አቧራና የአበባ ብናኝ በደንብ ይይዛል። መርቭ 13 ደግሞ ከጭስ የሚመጡትን በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች ጭምር ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል። አስም ላለበት ልጅ 13 ይሻላል ማለት ነው? ማሽኑ ከቻለው፣ አዎ።

ሁሉም ማሽን ግን አይችለውም። ጥቅጥቅ ያለ ፊልተር በአሮጌ ወይም አቅሙ አነስተኛ በሆነ ማሽን ላይ ሲገባ አየሩ ያንሳል፣ ጥቅልሉ በረዶ ይሠራል፣ ኤሲው በሙቀቱ ቀን ያቆማል። በእኔ ቤት ቆሻሻው ያደረገውን በእናንተ ቤት ውዱ ፊልተር ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ቴክኒሻን ሲመጣ «ይህ ማሽን እስከ ስንት መርቭ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልቻለ አትጨነቁ፤ መርቭ 8 አድርጉና በየወሩ ቀይሩት። ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ልጁ ለሚተኛበት ክፍል ሄፓ ፊልተር ያለው ትንሽ የአየር ማጽጃ ግዙ። ስትገዙ «ኦዞን» የሚያመነጨውን አትግዙ፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን ያስቆጣል።

አንድ የሚገርማችሁን ነገር ልጨምር። የቆሸሸ ፊልተር ደቃቁን አቧራ አንዳንዴ እንዲያውም ከአዲሱ የበለጠ ይይዛል፣ ቀዳዳዎቹ ጠብበዋልና። «ታዲያ ለምን ልቀይረው?» ብትሉ፣ አየር ስለማያሳልፍ ነው። ያላለፈ አየር አይጣራም፣ ቤቱንም አያቀዘቅዝም። ደግሞም መውጫ ያጣው አየር በፊልተሩ ዳርና ዳር ሾልኮ አቧራውን ይዞ ይገባል።

«ኤሲ ራሱ ነው የሚያሳምመን»

ይህን በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ በተለይ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን። «ኤሲ ብርድ ያስመታል፣ የሳንባ ምች ያመጣል» ብለው ያጠፉታል። በአክብሮት ልቃወማቸው። የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው፤ ከባክቴሪያ ወይም ከቫይረስ። ቀዝቃዛ አየር ብቻውን የሳንባ ምች አያመጣም። እርግጥ ፊት ላይ በቀጥታ የሚነፍስ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አስም ያለበትን ልጅ ሊያስለው ይችላል። መፍትሔው ግን አልጋውን ከአየር መውጫው ሥር ማንሳትና ቴርሞስታቱን ከ76 እስከ 78 ፋራናይት አካባቢ ማድረግ ነው፤ ኤሲውን ማጥፋት አይደለም።

በክላርክ ካውንቲ በ2023ም በ2024ም በሙቀት ሳቢያ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። አንዳንዶቹ የሞቱት መንገድ ላይ ሳይሆን በገዛ ቤታቸው ነው። ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱን ፍሩ። ወላጆቻችሁ ለክረምት ጥየቃ መጥተው ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር አስተምሯቸው፦ ኤሲው ሲደክም ሥራ ላይ ብሆንም ደውሉልኝ፣ ውጭው እሳት በሆነበት ሰዓት መስኮት አትክፈቱ።

ፊልተር የማይይዘው ነገር

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

አገር ቤት ቡና ሲፈላ በሩ ክፍት ነው፣ ጭሱ መውጫ አለው። እዚህ ኤሲ ወይም ሂተር ስለሚሠራ በርና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ማሽኑ የሚያደርገው የቤቱን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ ወይም አሙቆ መልሶ መንፋት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የትኛውም የኤሲ ፊልተር፣ መርቭ 13ም ሆነ ሄፓ፣ አይዘውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከሰል በፍጹም አይነድም፤ ለበዓልም፣ ለእንግዳም፣ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይፈላ፤ ወጉ አይጓደልም።

የዕጣኑም ጭስ እንዲሁ ነው። ፊልተር ከጭሱ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ብናኝ በከፊል ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይይዝም። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ዕጣን ባይጨስ እመርጣለሁ። ቡና ስትቆሉና በርበሬ ስታቁላሉ ደግሞ የምድጃውን አየር መሳቢያ ክፈቱ። ብዙ አፓርታማ ውስጥ ያለው መሳቢያ አየሩን ወደ ውጭ አያወጣም፣ መልሶ ወደ ቤት ነው የሚነፋው። የእናንተ ከየትኛው እንደሆነ እዩ፤ ወደ ውጭ የማያወጣ ከሆነ ጠዋት አየሩ ሳይግል መስኮት ከፍታችሁ ቁሉ፣ ልጁንም ከማዕድ ቤት አርቁት።

የሂተሩ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የበረሃ ክረምት ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሂተሩም አየር የሚስበው በዚያው ፊልተር በኩል ነው። መጀመሪያ ያበራችሁት ቀን የተቃጠለ አቧራ ሽታ ለጥቂት ጊዜ ቢመጣ የተለመደ ነው። ሽታው ካልጠፋ ግን አጥፉትና ቴክኒሻን ጥሩ። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ በዓመት አንዴ ይመርመር። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም መኝታ ክፍሎች አካባቢ ይኑር። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ወዲያው ከቤት ውጡና 911 ደውሉ።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ የአከራዩ ሥራ ነው»

እውነት አላችሁ። በኔቫዳ የኪራይ ሕግ አከራዩ ለቤቱ የሰጠውን ኤሲ በሚሠራ ሁኔታ የማቆየት ግዴታ አለበት። የፊልተሩን ጉዳይ ግን ብዙ ውል ለተከራዩ ይሰጠዋል፤ ውላችሁን አንብቡ። የአከራዩ ሥራ ከሆነ በስልክ ብቻ አትናገሩ፤ ፎቶ አንስታችሁ በጽሑፍ ላኩ፣ ቀኑ ይመዝገብ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁሉም አፓርታማ ፊልተሩን በራሱ ወጪ በየወሩ መቀየር ነበረበት። የተቃጠለ ማሽን ከብዙ ዓመት ፊልተር በላይ ያስወጣዋል። እስኪቀይሩላችሁ ድረስ ግን ያንን አየር የሚተነፍሰው የእናንተ ልጅ ነው። ልጅ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳል፤ በአየሩ ያለው ሁሉ እሱ ላይ ይበረታል። ስለዚህ መብታችሁን ጠይቁ፣ እየጠየቃችሁ ግን ፊልተሩን ገዝታችሁ ቀይሩ።

አንድ ሐሳብም ለማኅበረሰባችን ላቅርብ። እድር አለን፣ ቤተ ክርስቲያን አለን፣ መስጊድ አለን። በግንቦት አንድ ቅዳሜ ወጣቶቻችን መሰላል ይዘው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ፊልተር ቢቀይሩ ምን ይከብዳል? ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የምንሮጠውን ያህል ሳይሞት በፊት ለመድረስ ብንሮጥ ደስ ይለኛል።

እንዴት እንቀይረው?

1. ማሽኑን ከቴርሞስታቱ ላይ አጥፉ።
2. አየር የሚስበውን ትልቁን ፍርግርግ ፈልጉ፤ ወረቀት ስታስጠጉበት የሚይዘው እሱ ነው። በአንዳንድ ቤት ፊልተሩ ማሽኑ አጠገብ ነው።
3. የድሮውን ስታወጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አታራግፉት፣ ወዲያው ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። አስም ያለበት ልጅ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ይሁን።
4. ጠርዙ ላይ የተጻፈውን መጠን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ለምሳሌ 20 በ25 በ1። በግምት አትግዙ። የሚያንስ ከሆነ አየሩ በጎን ያልፋል።
5. አዲሱን ስታስገቡ ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ይመልከት።
6. የቀየራችሁበትን ቀን ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ።
7. የካርቶን ፊልተር አይታጠብም፣ ሽቶም አይነፋበትም።

ቱቦው በረዶ ሠርቶ ካገኛችሁት ደግሞ ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ፋኑን ብቻ አብሩ፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ፊልተሩን ቀይሩ፣ ቴክኒሻን ጥሩ። እስከዚያ አዛውንትና ሕፃን ቀዝቃዛ ቦታ ይሂዱ። ከ95 ፋራናይት በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ፋን ብቻውን ሰውን አያድንም።

ዱባይ፣ ሪያድ፣ ጅዳ፣ ኩዌትና ቤሩት ላላችሁ እህቶቼ

የእናንተ ኤሲ አብዛኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። የእሱ ፊልተር ታጥቦ የሚመለስ መረብ ነው። አቧራ በሚበዛበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ደርቆ ይመለስ። ከመክፈታችሁ በፊት ኤሌክትሪኩን አጥፉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ በሚወዛወዝ ወንበር ላይ አትውጡ። የቤቱን ሁሉ አጥባችሁ የምትተኙበትን ክፍል ፊልተር እንዳትረሱ፤ የእናንተም ሳንባ ሳንባ ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ኤሲ ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ። ይህ መረብ የሚይዘው ትልልቁን አቧራ ብቻ ነው፣ ደቃቁን ጭስ አይይዝም።

ከፊልተር በላይ የሆነ ጉዳይ

ፊልተር አስምን አያድንም። አንዲት እናት ፊልተሩን ቀይራ የልጇን የመከላከያ ኢንሃለር አቁማ መጥታ ነበር፤ ይህን እንዳታደርጉ። በ2020 የወጣው የአሜሪካ የአስም መመሪያም በአንድ ዘዴ ብቻ ከመተማመን ይልቅ ብዙ ዘዴዎችን ማጣመርን ይመክራል። ንጹሕ ፊልተር፣ ጭስ የሌለበት ቤት፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት፣ ኢንሃለሩን በትክክል መውሰድ፤ አብረው ነው የሚሠሩት። ሂዩስተን ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ችግር አቧራው ብቻ ሳይሆን እርጥበቱ ነው፤ ሻጋታና የአቧራ ተባይ ስለሚወደው የቤቱን እርጥበት ከ50 በመቶ በታች አድርጉ።

ልጃችሁ ሳሉ ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ ሌሊት እያነቃው ከሆነ፣ ወይም የማስታገሻውን ኢንሃለር በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ከፈለገ ሐኪም ይየው። አሪዞና ያላችሁ ሳሉ ትኩሳትና ድካም ካለበትና ለሳምንታት ከቆየ፣ ከአፈሩ የሚመጣውን የቫሊ ፊቨር ምርመራ ጠይቁ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ 911 ደውሉ። በሙቀት የተጎዳ ሰው ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተም እንዲሁ ደውሉ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ሰውነቱን በውሃ አቀዝቅዙት።

እናቴ ተሻሽላ አገሯ ገብታለች። አሁን በየወሩ መጀመሪያ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ «ወንፊቱን ቀየርከው?» ነው። እኔም ዛሬ እናንተን ልጠይቅ፦ ፊልተራችሁን መጨረሻ የቀየራችሁት መቼ ነው? ካላስታወሳችሁት ዛሬ ነው ቀኑ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልኩን አስቀምጣችሁ አውጥታችሁ እዩት። ወላጅ ለሆነ ወዳጃችሁም አጋሩ።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ ምክር ነው፤ የሐኪማችሁን ምርመራ አይተካም።

ጤና ይብዛላችሁ።